ጀርሙ መድኃኒቱን አልለመደውም

«ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል።» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቁስሉ አልድን ሲል፣ አንቲባዮቲኩ በሌላ ሲቀየር፣ ታማሚውም አስታማሚውም ይኸንኑ ይላል። መልእክቱ ልክ ነው። ድሮ ይሠራ የነበረው መድኃኒት አሁን አይሠራም። የተሳሳተው ግሱ ብቻ ነው፤ «ለመደ» የሚለው።

መልመድ የአንድ አካል ሥራ ነው። አዲስ ጫማ ተረከዝ ሲልጥ ይሰነብትና እግር ይለምደዋል። ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ያንዘፈዝፋል፣ ከዚያ ይለመዳል። ስለዚህ «ጀርሙ ለመደ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሥዕል ይህን ይመስላል፦ አንዲት ባክቴሪያ መድኃኒቱን ቀመሰች፣ ተንገዳገደች፣ ቀስ በቀስ ጠናች፣ በመጨረሻም ናቀችው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል መድኃኒቱ የማይገድላቸው ጥቂቶች ነበሩ። የነበሩትም መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። መድኃኒቱ ሌሎቹን ጠራርጎ ሲወስድ ቦታውም ምግቡም ለእነዚያ ቀረ። ተባዙ። ነገ የምናገኛቸው የእነሱ ልጆች ናቸው። ማንም ምንም አልለመደም። የተለወጠው የማን ልጆች እንደበዙ ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚባለውም ይኸው ነው።

ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው ባይ ነኝ፤ አንድ ግለሰብ ይለወጣል ብሎ ከማሰብ። ለዚህ ደግሞ ቃሎቻችን ራሳቸው ይተባበሩናል። ዝግመተ ለውጥ። ተፈጥሯዊ ምርጫ። መላመድ። ንድፈ ሐሳብ። አማርኛቸው ያማረ ነው፣ ግን አራቱም ትንሽ ትንሽ ይዋሻሉ።

«ቆይ፣ መድኃኒቱ ራሱ ለውጡን ቢያመጣውስ?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ሳይንቲስቶችም ተከራክረውበታል። ክርክሩን በጣም በሚያምር መንገድ የዘጉት ጆሹዋ እና ኤስተር ሌደርበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ በ1952። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጠቀሙት መሣሪያ ከፋይ ጨርቅ ነበር። አዎ፣ ለልብስ የሚሆነው ያ ለስላሳ ከፋይ።

አንድ ዝርግ ሳህን አለ። ውስጡ ምግብ ያለበት ጄሊ ነው። ባክቴሪያው ጄሊውን እንደ ሣር ሸፍኖታል፤ ጎን ለጎን ያሉት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህ ሳህን መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ከሳህኑ አፍ ጋር እኩል በሆነ ክብ እንጨት ላይ ንጹሕ ከፋይ ይወጠራል፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ ቀስ ተደርጎ ይጫናል። የከፋዩ ጭገር እንደ ብዙ ጥቃቅን መርፌ ሆኖ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ባክቴሪያ ይዞ ይነሣል። ቀጥሎ ያለው ማኅተም መምታት ነው። ያው ከፋይ መድኃኒት በተቀላቀለባቸው አዳዲስ ሳህኖች ላይ በተራ በተራ ይመታል።

በአዲሶቹ ሳህኖች ላይ ከጥቂት ቦታ በስተቀር ሁሉም ይሞታል። ጥያቄው የተረፉት የት የት ብቅ አሉ የሚለው ነው። ለውጡን የሚፈጥረው መድኃኒቱ ቢሆን በአንዱ ሳህን ላይ እዚህ፣ በሌላው ላይ እዚያ ይሆን ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። በየሳህኑ ያው ቦታ! ባልና ሚስቱ ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመለሱና ከዚያው ቦታ ናሙና ወሰዱ። ይህን ደጋገሙት። በመጨረሻ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ፣ ግን እነሱም እናቶቻቸውም መድኃኒቱን አንድም ቀን ያላዩ ባክቴሪያዎች እጃቸው ገቡ። ያላዩትን እንዴት ይለምዱታል?

ይኸው ስህተት በቀጭኔም ላይ አለ። ቀጭኔ ከፍ ያለ ቅጠል ለመድረስ ስትንጠራራ አንገቷ ረዘመ፣ ልጇም ያን ረጅም አንገት ወረሰ ይባላል። ይህን ሐሳብ ፈረንሳዊው ላማርክ በ1809 ጽፎታል፤ በዘመኑ ደግሞ ሞኝነት አልነበረም። ግን አባት ክብደት እያነሣ ክንዱን ቢያደነድን ልጁ ጡንቻ ይዞ አይወለድም። ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አይጦችን ለአምስት ትውልድ ጅራታቸውን እየቆረጠ አዋለዳቸው። 901 ልጆች ተወለዱ። ሁሉም ጅራት አላቸው። (ላማርክ ይህን ሙከራ ቢያይ «ቀጭኔዋ እኮ ፈልጋ ነው የተንጠራራችው፣ አይጧ መቼ መቆረጥ ፈለገች» ሳይል አይቀርም። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ለዚህ ነው የከፋዩን ሙከራ የማስበልጠው።)

የቀጭኔው ትክክለኛ ታሪክ አሰልቺ ይመስላል። ከጥንቶቹ ቀጭኔዎች መካከል አንገታቸው በትንሹ የሚረዝም ነበሩ፣ በትንሹ የሚያጥርም ነበሩ። ረዘም ያሉት በአማካይ ብዙ ልጆች ተኩ። ይህ በጣም ብዙ ትውልድ ተደጋገመ። በቃ። ረጅም አንገት የጠቀመው ለቅጠል ነው ወይስ ወንዶቹ በአንገታቸው ለሚደባደቡት ድብድብ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ማንም ቀጭኔ በመንጠራራት ልጇን እንዳላስረዘመች ግን የሚከራከር የለም።

ወደ «ምርጫ» እንምጣ። ይህ ቃል ተንኮለኛ ነው። ምርጫ ካለ መራጭ አለ፣ መራጭ ካለ ደግሞ ፍላጎት አለ። ስለዚህ «ተፈጥሮ የተሻለውን ትመርጣለች» ስንል ሳናውቀው አንዲት ብልህ ሴትዮ ወንበር ላይ አስቀምጠናል። ቃሉን ያወጣው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ራሱ ይህ ጣጣ ገብቶት ነበር። መጽሐፉ የወጣው በ1859 ነው፤ በዓመቱ ለወዳጁ ለጂኦሎጂስቱ ቻርልስ ላየል በጻፈው ደብዳቤ እንደገና ብጀምር ኖሮ «ተፈጥሯዊ ማቆየት» የሚለውን ቃል እጠቀም ነበር ብሏል። ጊዜው አልፎበት ነበር። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ።

መራጭ የሌለው ምርጫ ምን እንደሚመስል ለማየት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካሉት ከጋላፓጎስ ደሴቶች የተሻለ ቦታ የለም። ፒተር እና ሮዝሜሪ ግራንት (ይህ መስክ በባልና ሚስት የተባረከ ነው) በ1973 ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ደሴት ላይ ሥራ ጀመሩ። ደሴቷ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች የእሳተ ገሞራ ጉብታ ናት። እዚያ ፊንች የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ይኖራሉ። ተመራማሪዎቹ ወፎቹን በመረብ ይይዛሉ፣ እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ያስራሉ፣ ምንቃራቸውን ይለካሉ፣ ይለቃሉ። በየዓመቱ። የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር ይመዘግባሉ።

በ1977 ዝናብ ቀረ። ለስላሳና ደቃቅ ዘሮች ቶሎ አለቁ። የቀረው እሾሃማና ጠንካራ ፍሬ ነው፤ እሱን ለመስበር ወፍራም ምንቃር ያስፈልጋል። ሲመዝኑት የነበረው የአንዱ ዝርያ ወፎች 85 በመቶ ገደማ አለቁ። የተረፉት ተለኩ። የምንቃራቸው ውፍረት ከድርቁ በፊት ከነበረው አማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል። በቀጣዩ ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶችም እንደ ወላጆቻቸው ወፈር ያለ ምንቃር ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአንድም ወፍ ምንቃር አልወፈረም። ድርቁ ሲጀምር ምንቃሯ ቀጭን የነበረ ወፍ ስትሞትም ቀጭን ነው። አማካዩ የጨመረው ቀጭኖቹ ከቁጥሩ ስለወጡ ነው። ወፎቹ ወፍራም ምንቃር «ስለሚያስፈልጋቸው» አላገኙም። የሌላቸው ሞቱ፣ የነበራቸው ወለዱ። ማስፈለግ ቢበቃ ኖሮ በምድር ላይ የኖሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ ባልጠፉ ነበር።

ታሪኩ አላበቃም። ከ1982 እስከ 1983 ኤልኒኖ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) መጣና ደሴቷ ላይ ዝናብ ወረደባት። ደቃቅ ዘር ሞላ። አሁን ትልቅ አካልና ትልቅ ምንቃር ዕዳ ሆነ፤ ትንንሾቹ በለጡ፣ አማካዩም ወደ ኋላ ተመለሰ። እና የትኛው ነው «የተሻለው» ምንቃር? በ1977 አንዱ፣ በ1985 ሌላው። ወፎቹ ወደ አንድ ግብ እየገሰገሱ አልነበረም። መሰላል የለም፤ «ገና ያልደረሰ» እና «ቀድሞ የደረሰ» ዝርያም የለም።

ግብ ከሌለው እንግዲህ ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ነው ማለት ነው? ይህኛው ስህተት ከሌላው ጫፍ ይመጣል። «ዓይን የሚያህል ነገር በአጋጣሚ ተገጣጠመ ትሉኛላችሁ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ትክክል ነው። በአጋጣሚ ብቻ አይገጣጠምም። ግን ማንም እንዲህ አላለም።

ሃያ ዳይ፣ ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈበትን የመጫወቻ ኪዩብ፣ እንውሰድ። ሃያውንም ባንዴ ወርውረን ሁሉም ስድስት እንዲመጣ እንጠብቅ። በሰከንድ አንዴ ብንወረውር በአማካይ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንቀመጣለን። አሁን ደንቡን ትንሽ እንቀይር፤ ስድስት የመጣውን እናቆየው፣ ሌላውን ብቻ መልሰን እንወርውር። ሃያ ውርወራ አካባቢ ይበቃል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ዳዮቹ አልተቀየሩም፣ ዕጣውም ያው ዕጣ ነው። የተጨመረው ማቆየት ነው። ዳርዊን ቃሉን ሊቀይር የፈለገው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በሕያዋን ውስጥ ዕጣው ሚውቴሽን ይባላል። ዲኤንኤ (በየሕዋሱ ያለው የውርስ ጽሑፍ) ሲገለበጥ የሚፈጠር የፊደል ስህተት ማለት ነው። እያንዳንዳችን ከእናትና ከአባታችን ያላገኘናቸው በደርዘኖች የሚቆጠሩ አዳዲስ ስህተቶች ይዘን እንወለዳለን። አብዛኞቹ አይጎዱም፣ አይጠቅሙም። ጥቂቶች ይጎዳሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ይጠቅማል። ስህተቱ የሚመጣው ማን ምን እንደሚያስፈልገው ሳያይ ነው። የሚቀረው ግን እንዲያው በዘፈቀደ አይቀርም። በነገራችን ላይ የዳዩ ምሳሌም ጉድለት አለበት። እኛ ስድስትን ቀድመን ፈልገናል፤ ተፈጥሮ የምትፈልገው ቁጥር የላትም። ፍጹም ምሳሌ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

«ጠንካራው ይኖራል» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው የዳርዊን አባባል ያደርገዋል። የመጀመሪያ ባለቤቱ እንግሊዛዊው ሄርበርት ስፔንሰር ነው፣ በ1864። ዳርዊን በኋላ ተዋሰው። የእንግሊዝኛውም ቃል ትርጉሙ «ጠንካራ» ሳይሆን «ልክ የሚሆን» ነው፤ ልብስ ልክ ይሆናል እንደሚባለው። አንበሳን የሚያህል ጉልበት ይዞ ልጅ ሳይተካ የሞተ እንስሳ በዚህ ሒሳብ ዜሮ ነው።

ልክ መሆን ምን ያህል በቦታው እንደሚወሰን ሲክል ሴል ከሚባለው የደም ሕመም በላይ የሚያሳይ የለም። በሽታው የሚመጣው ሄሞግሎቢንን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) በሚሠራው ጂን፣ ማለትም የዲኤንኤ ክፍል፣ ላይ ባለ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው። ከእናትም ከአባትም የተለወጠውን ጂን የወረሰ ልጅ ቀይ የደም ሕዋሶቹ እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ፣ ሕመሙም ብርቱ ነው። እንዲህ ያለ ጂን ድሮ መጥፋት ነበረበት። ግን ወባ ባለባቸው አገሮች በብዛት አለ። ምክንያቱን አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም በ1954 አሳየ፤ ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል። ስለዚህ ወባ ባለበት ጂኑ ብዙ ልጆችን ያድናል፣ ጥቂቶችን ክፉኛ ያሳምማል፣ በሁለቱ መካከል ሚዛን ላይ ይቆማል። ወባ በሌለበት ቦታ ጥቅሙ ይጠፋና ጉዳቱ ብቻ ይቀራል። ጂኑ ያው ነው። ታዲያ «ጥሩ» ነው ወይስ «መጥፎ»? ጥያቄው ቦታውን ካልጠቀሰ መልስ የለውም።

አሁን ሁሉም የሚጠብቀው ጥያቄ። «ሰው ከጦጣ ከመጣ፣ ጦጣ እስካሁን ለምን አለ?»

ጥያቄው በብዙዎች ዘንድ እንደ ማሸነፊያ ካርታ ይመዘዛል። መልሱ ግን በዘመድ አቆጣጠር ያልቃል። የአክስታችሁን ልጅ አስቡ። እናንተ ከእሱ አልተወለዳችሁም፣ እሱም ከእናንተ አልተወለደም። ሁለታችሁም ከአንዲት አያት መጣችሁ። እናንተ ስለተወለዳችሁ የአክስታችሁ ልጅ ከዓለም መጥፋት የለበትም። ሰውና ቺምፓንዚ እንዲህ ናቸው። የጋራ አያታቸው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኖራለች፤ እሷ ደግሞ ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረችም። ቺምፓንዚም ከዚያ ወዲህ እንደኛው እኩል ዘመን በራሱ መንገድ ተለውጧል። ጦጣ ደግሞ ራቅ ያለ ዘመድ ነው፣ ከዚያም በፊት የተለየ። እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ይቸግራል። ለጦጣ፣ ለዝንጀሮ፣ ለጉሬዛ ለየብቻ ስም አለን፤ ቺምፓንዚንና ጎሪላን ጠቅልሎ የሚጠራ የተለመደ ቃል ግን የለንም። ስለዚህ ሁሉም «ጦጣ» ሆኖ ይቀራል።

የዝምድናው ማስረጃ ብዙ ነው፣ እኔ የምወደው አንድ አለ። ቺምፓንዚ 24 ጥንድ ክሮሞሶም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር) አለው፤ ሰው 23። ዘመድ ከሆኑ አንዱ ጥንድ የት ገባ? ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጂን ይዞ ስለሚሄድ አንኖርም ነበር። መልሱ ሁለተኛው ክሮሞሶማችን ውስጥ ተገኘ። ክሮሞሶሞች ጫፋቸው ላይ እንደ ጫማ ክር ጫፍ ያለ መዝጊያ አላቸው። በእኛ ሁለተኛ ክሮሞሶም ላይ ይህ የጫፍ ምልክት መሐሉ ላይ አለ፣ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ። ሁለት ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ስፌቱ እስካሁን ይታያል።

ከጎንበስ ጦጣ እስከ ቀጥ ያለ ሰው በመስመር የሚጓዙበትን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሩዶልፍ ዛሊንገር የተባለ ሠዓሊ በ1965 የሳለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቲሸርትም በቀልድም ላይ አልቀረም። ያጠፋውን ጥፋት ብዙ መጽሐፍ አላረመውም። ሰልፍ ያስመስለዋል፣ ነገሩ ግን ቁጥቋጦ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ በቅሎ ብዙው ደርቋል። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽም ቀጥተኛ አያታችን ትሁን ወይስ የአያታችን እህት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ያስተማረችን ግን ትልቅ ነገር ነው። አንጎሏ ከእኛ ሲሶ ገደማ ሆኖ ሳለ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ድሮ ብዙዎች አንጎል ቀድሞ አደገ፣ መቆም ተከተለ ብለው ይገምቱ ነበር። እግር ቀደመ።

«ዝግመተ» የሚለውስ? መዝገም ማለት ቀስ ማለት ነው። በትልልቅ ለውጦች ላይ ልክ ነው። ግን ሰዎች ከዚህ ተነሥተው «ማንም ሲሆን አይቶት አያውቅም» ይላሉ። ፊንቾቹን አየናቸው። በ2016 ደግሞ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 120 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ሳህን ሠሩ። ጫፎቹ መድኃኒት የለባቸውም፤ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር መጠኑ በአሥር እጥፍ እየጨመረ መሐሉ ላይ ሺህ እጥፍ ይደርሳል። ባክቴሪያዎቹ ከጫፍ ተነሡ። የመጀመሪያው ድንበር ላይ ቆሙ። ከዚያ በአንዲት ነጥብ ላይ አንዱ ሾልኮ እንደ ማራገቢያ ተዘረጋ። ሁለተኛው ድንበር ላይ እንደገና ቆሙ፣ እንደገና አንዱ ሾለከ። መሐል ለመድረስ 11 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ዝግመተ» የምትለውን ቃል ከአፍ ያስጥላል።

ሪቻርድ ሌንስኪ ደግሞ በ1988 አሜሪካ ውስጥ 12 ጠርሙስ ባክቴሪያ አስጀመረ፤ ሁሉም ከአንድ ዘር። በየቀኑ ከየጠርሙሱ ጥቂቱ ወደ አዲስ ምግብ ይዛወራል። ከ70 ሺህ ትውልድ በላይ ሄዷል። በየ500 ትውልዱ ናሙና በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ቀልጦ ነፍስ ይዘራል። ቅድመ አያትን ከበረዶ አውጥቶ ከልጅ ልጅ ጋር ማወዳደር ማለት ነው። ከ30 ሺህ ትውልድ በኋላ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ አየር ባለበት መብላት የማይችሉትን ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር መብላት ጀመሩ። አንዱ ብቻ። አሥራ አንዱ ያንኑ ምግብ አጠገባቸው ይዘው ሳይጠቀሙበት ቀጠሉ።

ስለ «ንድፈ ሐሳብ» ብዙ አልልም። በተራ ንግግራችን ንድፍ ማለት ገና ያልተሠራ ነገር ነው፤ የቤት ንድፍ ቤት አይደለም። ስለዚህ «ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» የሚል ሰው ቃሉን እንደሰማው ነው የተረዳው። በሳይንስ ግን ቃሉ የሚሰጠው ብዙ ማስረጃን አንድ ላይ ላሰረ፣ ብዙ ጊዜ ተፈትኖ ላልወደቀ ማብራሪያ ነው። በሽታ የሚመጣው ከጀርም ነው የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው። ይልቅ የሚፈተነው እንዴት ነው የሚለው ይሻላል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኒል ሹቢንና ባልደረቦቹ ከዓሣ ወደ ባለ እግር እንስሳ የሚያሻግር ፍጡር ካለ 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ የተሠራ ድንጋይ ውስጥ መኖር አለበት ብለው ካርታ ላይ ቦታ መረጡ። በሰሜናዊ ካናዳ ኤልስሜር ደሴት ላይ ለዓመታት ቆፈሩ። በ2004 አገኙት። ቅርፊትና ክንፍ እንደ ዓሣ፤ ጠፍጣፋ ጭንቅላት፣ የሚታጠፍ አንገት፣ በክንፉ ውስጥ የክንድ አጥንት። ቲክታሊክ ይባላል።

እምነትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ዝግመተ ለውጥ ሕይወት ከኖረ በኋላ እንዴት እንደሚበዛና እንደሚለያይ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ሕይወት እንዴት መጣ የሚለው ሌላ የምርምር መስክ ነው፣ ፈጣሪ አለ ወይ የሚለው ደግሞ ጭራሽ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የመስኩ ሰዎች አንዱ ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1996 ነገሩ ከግምት በላይ መሆኑን ተናግረዋል። የሚጣሉ አሉ፣ የማይጣሉም አሉ። ጠቡ ግን ግዴታ አይደለም።

አንድ ስህተት ቀረ፤ ዝግመተ ለውጥ ሁሉን ነገር አሳምሮ ይጨርሳል የሚለው። ለዚህ ወደ ቀጭኔዋ አንገት እመለሳለሁ።

ከአንጎል ተነሥቶ ማንቁርት ድረስ የሚሄድ ነርቭ አለ። ለድምፅና ለመዋጥ ያገለግላል። ከአንጎል እስከ ማንቁርት ያለው መንገድ በቀጭኔም ቢሆን አጭር ነው፤ ማንቁርቷ ያለው አንገቷ አናት ላይ ነው። የግራው ነርቭ ግን ማንቁርቱን አጠገቡ እያየው ያልፈዋል። ያን ሁሉ አንገት ይወርዳል፣ ደረት ይገባል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሥር ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ያንኑ አንገት መልሶ ይወጣል። ከአራት ሜትር በላይ ጉዞ ነው።

ምክንያቱ ዓሣ ነው። በጥንት ዓሣ ቅድመ አያቶቻችን ይህ ነርቭ ወደ ስንጥባቸው የሚሄደው በዚያ የደም ሥር በስተኋላ ነበር። ዓሣ አንገት የለውም፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። በኋላ አንገት መጣ። ልብ ወደ ታች ራቀ፣ ነርቩ የደም ሥሩ ጋ እንደተጠለፈ ተጎተተ። በየትውልዱ ነርቩን በአንዲት ሚሊ ሜትር ማስረዘም ይቻል ነበር። ፈቶ እንደገና መዘርጋት ግን አንዴ ሁሉንም ማቋረጥ ይጠይቃል፤ ያን የሚያደርግ መሐንዲስ አልነበረም።

በእኛም ውስጥ አለ፣ አጭር ስለሆነ ነው የማናስበው። ስለዚህ አንድ ሰው ድምፁ ጎርንኖ አልመለስ ሲለው ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ አይበቃውም። አንዳንዴ የደረት ፎቶ ያዛል።